ቻርተር ትምህርት ቤት ምንድን ነው? ዲሲ ሞልቶ ቨርጂኒያ ለምን ጠፋ?

ቻርተር ትምህርት ቤት በአሜሪካ በመንግሥት በጀት የሚሠራ፣ ወላጅን የማያስከፍል፣ ግን በራሱ ቦርድ የሚተዳደር ትምህርት ቤት ነው። ቻርተር የሚባለው ውሉ ነው፤ በውሉ የገባውን ውጤት ካላመጣ ሊዘጋ ይችላል። የመጀመሪያውን ሕግ ያወጣችው ሚኒሶታ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1991። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ስቴት የየራሱን ጽፏል፤ ጥቂቶቹ ጭራሽ አልጻፉም።

ሕጉን ሲያነቡ መጀመሪያ የሚፈለገው ፈቃዱን የሚፈርመው ማን እንደሆነ ነው። ቨርጂኒያ ከ1998 ጀምሮ ሕግ አላት፤ የሚፈቅደው ግን የአካባቢው የትምህርት ቦርድ ነው። ተማሪ በሄደ ቁጥር በጀት የሚጎድልበትም ይኸው ቦርድ ነው። ሱቅ ለመክፈት የሰፈሩን ባለሱቅ እንደ ማስፈቀድ ማለት ነው፤ በመላው ስቴት አሥር እንኳ አለመሙላታቸው አይገርምም። ሜሪላንድም በ2003 ሕጓ የመፍቀዱን ሥልጣን በዋናነት ለካውንቲ የትምህርት ቦርዶች ስለሰጠች ቻርተሮቿ በብዛት ባልቲሞር ተከማችተዋል። ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲ ግን ከመደበኛ ትምህርት ቤቶቿ አስተዳደር ነጻ የሆነ፣ ፈቃድ የሚሰጥ የቻርተር ቦርድ አላት። ዛሬ ከከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ ቻርተር ውስጥ ናቸው። ውሉ የ15 ዓመት ሲሆን ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ይገመገማል።

ቀጥሎ ገንዘቡ። ዲሲ ለእያንዳንዱ ተማሪ በአንድ ቀመር ትከፍላለች፤ እንግሊዝኛ ገና ለሚማር ልጅ ጭማሪ አለው። ከዚህ ሌላ ለሕንፃ በተማሪ በዓመት ከ3,000 ዶላር በላይ ትሰጣለች። ብዙ ስቴቶች ይህ የላቸውም፤ ስለዚህ ኪራዩ ከመምህራን ደመወዝ ጋር ይሻማል። ለ200 ልጅ ሕንፃ ተከራይቶ በጀቱ በሚሰላበት የጥቅምት (ኦክቶበር) የተማሪ ቆጠራ 150 ብቻ የተገኘበት ትምህርት ቤት ኪራዩ አይቀነስለትም፣ በጀቱ ግን ይቀነሳል። ትናንሽ ቻርተሮችን የሚጥላቸው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

የገንዘቡ ምንጭ ራሱ ፍርድ ቤት ሊያደርስ ይችላል። ሲያትል ያለችበት ዋሽንግተን ስቴት በ2012 በሕዝብ ድምፅ ሕጉን አጸደቀች። በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ቦርዳቸው በሕዝብ ያልተመረጠ ትምህርት ቤቶች ለመደበኛ ትምህርት ቤቶች የተመደበውን ገንዘብ መውሰድ አይችሉም ሲል ሻረው። በ2016 ምክር ቤቱ ከስቴቱ ሎተሪ ገቢ መክፈል ጀመረ።

ለወላጅ፦ በዲሲ አመልካች ከቦታው ከበዛ በዕጣ ይለያል። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖሩ የዲሲ ዘመድ አድራሻ ማስገባት ግን አያዋጣም፤ ነዋሪ ያልሆነ ይከፍላል፣ የደበቀም ሊከሰስ ይችላል።