ቤዛ ምንድን ነው? የቆየ ዕዳ ከፍሎ ሰው ማስለቀቅስ ቤዛ ይባላል?

ባለፈው ሐሙስ ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ቡና እየጠጣን አንድ ተንታኝ፣ ኢራን ያሰረቻቸው ሰዎች በተለቀቁበት ሰሞን እንግሊዝ ለኢራን ስለከፈለችው ገንዘብ በጓደኛዬ ስልክ ሲናገር ሰማሁ። «ገንዘቡ ድሮም የኢራን ነው። የራስን ገንዘብ መቀበል ቤዛ አይደለም። አለቀ» አለ። ይህን «አለቀ» ስንት ጊዜ ሰማሁት! አላለቀም።

የኢራን ንጉሥ የሻሁ መንግሥት ከእንግሊዝ ቺፍተን ታንኮችን አዝዞ ቀድሞ ከፈለ። በ1979 (እ.ኤ.አ.) አብዮቱ መጣ። አብዛኞቹ ታንኮች ሳይላኩ ገንዘቡ ለንደን ቀረ። ዕዳው በዓለም አቀፍ ግልግል ጭምር የተረጋገጠ ነበር። እንግሊዝ ግን 393.8 ሚሊዮን ፓውንዱን የከፈለችው ኢራን ያሰረቻቸው የእንግሊዝም የኢራንም ዜጎች ናዛኒን ዛጋሪ-ራትክሊፍና አኑሼ አሹሪ በመጋቢት 2022 ከኢራን በወጡበት ሰሞን ነው።

እኔ ጠበቃ ነኝ፤ የቡና ውል ክርክር እይዛለሁ። ስለዚህ በቡና ላስረዳ። ከአንድ ነጋዴ የ20 ኩንታል ቅድሚያ ክፍያ ተቀብዬ ቡናውን ሳላስረክብ ቀረሁ እንበል። (ቀብድ አላልኩም። ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።) ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ነጋዴው ልጄን ይዞ ቤቱ ቆለፈበት። ገንዘቡን ይዤ ሮጥኩ፣ ልጄን ለቀቀው። ደረሰኙ ላይ «ስለ ምን» የሚል መስመር አለ። እዚያ ላይ «የቡና ቅድሚያ ክፍያ ተመላሽ» ብሎ ጻፈ። አልዋሸም። ግን ትናንት ያልከፈልኩትን ዛሬ ያስከፈለኝ ውሉ ነው ወይስ ልጄ?

ተንታኙ ሁለት ጥያቄ ደባልቋል። ገንዘቡ የማን ነው? ሰውየው ለምን ተያዘ? የመጀመሪያው ሲመለስ ሁለተኛው አብሮ አይመለስም። የ1979ኙ የተባበሩት መንግሥታት የእገታ ስምምነት አጋቹን በወንጀል የሚጠይቀው መንግሥትን ወይም ሌላ ወገንን አንድ ነገር እንዲያደርግ ወይም እንዳያደርግ ለማስገደድ ሰው በመያዙ ነው። የጠየቀው ነገር ይገባው ነበር ወይ አይልም። ስለዚህ ክፍያው ሕጋዊ ዕዳ ሆኖ እስሩ እገታ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ አይጋጩም።

ድሮ በአገራችን ቁራኛ ነበር። ባለዕዳ ከባለገንዘቡ ጋር በአንድ ሰንሰለት ይታሰራል። ክፉ ነገር ነው። ግን እዚያ እንኳ የሚታሰረው ተበዳሪው ራሱ ነበር። ናዛኒን ታንክ አልሸጠችም። የውል መያዣ ቤት ይሆናል፣ መኪና ይሆናል፣ ሰው ግን መያዣ አይሆንም።

«ቤዛ ከሆነማ መከፈል አልነበረበትም» የሚሉትም ያናድዱኛል። ዕዳ ነው፤ ይከፈላል። ዕዳ ስለቆየ ብቻም አይሞትም። በእኛ ሕግ የውል ዕዳ በመደበኛው በ10 ዓመት ይርጋ (የመጠየቂያ ጊዜ ገደብ) ይታገዳል፣ ባለዕዳው ካመነ ግን ቆጠራው እንደገና ይጀምራል፤ ዳኛም ተከራካሪው ካላነሳው ይርጋን በራሱ አያነሳም። ጥፋቱ መክፈሉ አይደለም፣ ማዘግየቱ ነው። እኔም በጊዜው ከፍዬ ቢሆን ነጋዴው ልጄን የሚይዝበት ሰበብ አያገኝም ነበር።

እኔ ብሆን ደረሰኙ ላይ «የቡና ቅድሚያ ክፍያ ተመላሽ» የሚለው ሥር እፈርማለሁ። ከዚያ የልጄን እጅ ይዤ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ።