ግራውንድ ባላንስ ምንድን ነው? ለሜታል ዲቴክተር ጀማሪ የመጀመሪያው ትምህርት

ሜታል ዲቴክተር ይዞ ወደ እንጦጦ ግርጌ ወይም ወደ ሱሉልታ የሚወጣ ጀማሪ በመጀመሪያው ቀን የሚገጥመው ችግር ብረት ማጣት ሳይሆን የማሽኑ ማቋረጫ የሌለው ጩኸት ነው። ማሽኑ በየእርምጃው ይጮኻል፤ ጀማሪው ይቆፍራል፤ ከጉድጓዱ የሚወጣው ግን ቀይ አፈር ብቻ ነው። አንዳንዱ ማሽኑ ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ወርቁ ጠልቆ ነው ብሎ ጉድጓዱን ያሰፋዋል። ማሽኑ ግን አልተበላሸም፤ እዚያ ያለው አፈር ራሱ ድምፅ አለው። የአፈሩን ድምፅ ከብረቱ ድምፅ ለይቶ ዝም የሚያሰኘው ማስተካከያ ግራውንድ ባላንስ ይባላል፤ በአማርኛ ማሽኑን ከአፈሩ ጋር ማመዛዘን ልንለው እንችላለን።

ነገሩን ለመረዳት ማሽኑ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። በዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ክብ ሳህን ኮይል ይባላል፤ በውስጡም ሁለት የሽቦ ጥቅሎች አሉ። አንደኛው በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ አቅጣጫውን የሚቀያይር የኤሌክትሪክ ጅረት ተቀብሎ መግነጢሳዊ መስክ ወደ መሬት ይልካል፤ ሁለተኛው ከመሬት የሚመለሰውን ያዳምጣል። ጀማሪዎች የሚገዟቸው አብዛኞቹ ማሽኖች ቪ.ኤል.ኤፍ. የሚባለው ዓይነት ሲሆኑ በአመዛኙ ከ5 እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ ባለው ክልል ይሠራሉ። የተላከው መስክ ሳንቲም ወይም ቀለበት ሲያገኝ በብረቱ ላይ ትናንሽ የጅረት አዙሪቶችን ያስነሣል፤ አዙሪቶቹ ደግሞ የራሳቸውን መስክ መልሰው ይልካሉ፤ ሁለተኛው ጥቅል የሚሰማው ይህንን ነው።

የሚፈለገው ነገር በዙሪያው ባለ ሌላ ነገር የመዋጡ ችግር ከመሣሪያው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በ1881 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት በተመቱ ጊዜ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ጥይቱ በሰውነታቸው ውስጥ የት እንደተቀመጠ ለማወቅ በዚሁ መርሕ የሚሠራ መሣሪያ አቅርቦ ነበር፤ ፍለጋው ግን አልተሳካም። ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ታካሚው የተኙበት አልጋ የብረት ሽቦ ስለነበረው መሣሪያው ከጥይቱ ይልቅ አልጋውን ይሰማ ነበር የሚለው ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ የምንቆም ሰዎች አልጋችን አፈሩ ነው።

አዲስ አበባና ዙሪያዋ የተቀመጡት እሳተ ገሞራ በፈጠረው አለት ላይ ነው። ከእነዚህ አለቶች በተለይ ጥቁሩ ባዛልት ማግኔታይት የሚባል፣ ማግኔት የሚስበው የብረት ማዕድን በደቃቅ ቅንጣት መልክ ይዟል። አለቱ በዝናብና በፀሐይ ለብዙ ሺህ ዓመታት እየተሸረሸረ አፈር ሲሆን ቅንጣቱ አፈሩ ውስጥ ይቀራል፤ ከፊሉም ማግሄማይት ወደሚባል፣ እንደዚያው በማግኔት ወደሚሳብ ማዕድን ይለወጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አፈሩን ቀይ የሚያደርገው በዋናነት ሄማታይት የሚባለው ማዕድን ነው፤ ሄማታይት ደግሞ በማግኔት የሚሳበው በጣም በደካማው ነው። ስለዚህ የአፈር ቅላት ብቻውን የማሽን ጠላት ምልክት አይደለም፤ ዋልካ የሚባለው የአቃቂ ወገን ጥቁር አፈርም ከባዛልት የተወለደ እስከሆነ ድረስ ሊያስቸግር ይችላል። ቀለሙን አይቶ ከመፍረድ መለካት ይሻላል።

መለኪያው ደግሞ በእጅ ያለ ነው። ምናለሽ ተራ ከሚሸጡ አሮጌ ድምፅ ማጉያዎች ከአንዱ የወጣ ማግኔት በስስ ፌስታል ይጠቅለልና በደረቀ፣ በላላ አፈር ውስጥ ይጎተት። ፌስታሉ ላይ እንደ ጢም የሚቆም ጥቁር ደቃቅ ነገር ከተያዘ ያ ማግኔታይቱ ነው፤ ብዛቱም ማሽኑ በዚያ ቦታ ምን ያህል እንደሚቸገር ይናገራል። ፌስታሉ ከማግኔቱ ላይ ሲገለበጥ ጥቁሩ ስለሚረግፍ ከተለያዩ ቦታዎች የተያዘውን በየወረቀቱ ላይ አፍስሶ ማወዳደር ይቻላል። እኔ ማንኛውንም ጀማሪ ማሽን ከመግዛቱ በፊት ይህንን እንዲያደርግ እመክራለሁ፤ የትኛውን ማሽን መግዛት እንዳለበት ከሻጩ ይልቅ አፈሩ ይነግረዋልና።

ማሽኑ አፈርን ከብረት የሚለየው በመዘግየት ነው። ማግኔታይት ያለበት አፈር የተላከውን መስክ ሳያዘገይ፣ ወዲያውኑ ማለት ይቻላል፣ ይመልሳል። ሳንቲም ግን አዙሪቱ እስኪነሣና እስኪከስም ድረስ መልሱን ጥቂት ያዘገያል፤ እንደ ብርና መዳብ ያለ ኤሌክትሪክን በደንብ የሚያስተላልፍ ብረት ደግሞ ከቀጭን የአሉሚኒየም ወረቀት የበለጠ ያዘገያል። የአፈሩ መልስ በጉልበቱ እጅግ የበለጠ ቢሆንም የሚመጣበት የመዘግየት መጠን በአንድ ቦታ ላይ ብዙም አይለዋወጥም። ግራውንድ ባላንስ ማለት ለማሽኑ «በዚህ የመዘግየት መጠን የሚመጣውን መልስ አትቁጠረው» ብሎ መንገር ነው። ማር ሻጭ ባዶውን ጣሳ አስቀድሞ መዝኖ ክብደቱን ከጠቅላላው እንደሚቀንሰው ሁሉ፣ እኛም አፈሩን ለብቻው አስቀድመን እንመዝነዋለን፤ ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ብረቱ ነው። ጣሳውን ያልመዘነ ሰው ማሩን በትክክል አይሸጥም፤ ጣሳውን አሳስቶ የመዘነም እንዲሁ።

እኔ ይህንን የተማርሁት ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ በሚወርደው ተዳፋት ላይ፣ በአክስቴ ግቢ ውስጥ ነው። የጋብቻ ቀለበቷ ልብስ ስታጥብ ከጣቷ ወልቆ ከጠፋ ሳምንት አልፎት ነበር። ማሽኑን ከካርቶኑ እንዳወጣሁት፣ ፋብሪካው በሰጠው ልክ፣ ግቢውን መጥረግ ጀመርሁ፤ ከአጥር እስከ አጥር ዝም ያለበት አንድ ክንድ መሬት አልነበረም። አክስቴ በረንዳ ላይ ቆማ «ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ጩኸት የምንድን ነው?» ስትለኝ የምመልሰው አልነበረኝም። ያን ቀን ስምንት ጉድጓድ ቆፍሬ አንድ ቆርኪ አገኘሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ መመሪያውን አንብቤ ተመለስሁና መጀመሪያ አፈሩን አመዛዘንሁ። ጩኸቱ ወደ ለስላሳ፣ ወጥ እንጉርጉሮ ወረደ፤ ከውሃ ቧንቧው አጠገብ ግን አንዲት አጭር፣ ጥርት ያለች ድምፅ ከሁለቱም አቅጣጫ ስትደገም ሰማኋት። ቀለበቱ ከአራት ጣት በማይበልጥ ጥልቀት ውስጥ ነበር። ማሽኑም አፈሩም በሁለቱ ቅዳሜዎች መካከል አልተለወጡም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ብረት የሌለበት አንድ ሜትር ያህል መሬት ይፈለጋል፤ ኮይሉን ወዲያና ወዲህ አድርጎ የተለየ ድምፅ አለመኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በተቀበረ ምስማር ላይ ያመዛዘነ ሰው ማሽኑን ለምስማር ደንቆሮ እንጂ ለአፈር ደንቆሮ አላደረገውም። ከዚያ ኮይሉ ከመሬት ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይደረግና መሬቱን ሳይነካ እስከ አራት ወይም አምስት ሴንቲ ሜትር ድረስ ይወርዳል፤ ይህ ኮይሉን ከመሬቱ ጋር አግድም አድርጎ፣ ሳያጋድሉ፣ ቀስ እያሉ ደጋግሞ የሚሠራ ነው። በአውቶማቲክ ማሽን ይህ የሚደረገው አዝራሩን ተጭኖ ይዞ ነው፤ ድምፁ ሲረጋ አዝራሩ ይለቀቃል። በእጅ በሚስተካከል ማሽን ደግሞ ኮይሉ ሲወርድ ድምፁ የሚጨምር ወይም የሚጠፋ ከሆነ ቁጥሩ ወደ አንድ ወገን እየተለወጠ ሲወጣም ሲወርድም ድምፁ አንድ ዓይነት እስኪሆን ድረስ ይቀጥላል። በብዙ ማሽኖች ላይ ከፍ ያለ ቁጥር ማግኔታይት የበዛበትን አፈር፣ ዝቅ ያለ ቁጥር ጨውና እርጥበት ያለበትን መሬት ያመለክታል። ሦስተኛው ዓይነት ትራኪንግ የሚባለው ሲሆን ማሽኑ በጉዞ ላይ እያለ ራሱን ያመዛዝናል። ምቹ ነው፤ ነገር ግን አንድ ደካማ ድምፅ ላይ ቆሞ ደጋግሞ የሚጠርግ ሰው ማሽኑ ያችን ድምፅ እንደ አፈር ቆጥሮ ሊያጠፋበት ስለሚችል ለጀማሪ አልመክረውም።

አንድ ጊዜ ማመዛዘን ለቀኑ ሁሉ አይበቃም። ከተዳፋቱ ቀይ አፈር ወደ ሜዳው ጥቁር አፈር ሲወረድ፣ ዝናብ ሲጥል ወይም የማሽኑ ሴንሲቲቪቲ፣ ማለትም ደካማ ድምፅን የመስማት አቅሙ፣ ሲለወጥ ሥራው እንደገና ይጀመራል። በተለይ እሳት የነካው መሬት መታወቅ አለበት። አፈር በእሳት ሲግል በውስጡ ያለው በማግኔት የማይሳብ የብረት ማዕድን ወደሚሳብ ስለሚለወጥ፣ በእንጦጦ ባሕር ዛፍ መካከል ከሰል የከሰለበት ቦታ፣ የድሮ ምድጃ ወይም የጡብ ማቃጠያ የነበረበት መሬት ከዙሪያው ተለይቶ ይጮኻል። ከአፈሩ የተለየ ድንጋይም እንዲሁ ያደርጋል፤ በቀይ አፈር መካከል የተቀበረ የባዛልት ድንጋይ፣ ወይም ከባዛልት ተጠርቦ ከመንገድ የተረፈ ኮብልስቶን፣ አፈሩ በትክክል ከተመዛዘነ በኋላ እንኳ ድምፅ ይሰጣል። መለያው ድምፁ ነው፦ የድንጋይ ድምፅ ሰፊና ጠርዝ የሌለው ሲሆን ኮይሉ በጥቂቱ ከፍ ሲል ቶሎ ይጠፋል፤ የሳንቲም ድምፅ ግን አጭርና ቁርጥ ያለ ነው፣ ዘጠና ዲግሪ ዞሮ ሲጠረግም በዚያው ነጥብ ላይ ይገኛል።

ሴንሲቲቪቲን በሚመለከት የጀማሪ ስሜት ተቃራኒውን ያዝዛል። ጥልቅ ለመስማት ወደ ላይ ማድረግ ትክክል ይመስላል፤ ማግኔታይት በበዛበት አፈር ግን የሚጨምረው አፈሩ የሚልከው ድምፅ ስለሆነ ዝቅ ያደረገ ሰው የበለጠ ይሰማል። አነስተኛ ኮይልም በተመሳሳይ ምክንያት ይረዳል፤ በአንድ ጊዜ የሚያየው አፈር ጥቂት ነውና። በለዘበ አፈር ሃያ ሴንቲ ሜትር ላይ ሳንቲም የሚሰማ ማሽን እዚህ በግማሹ ቢወሰን ሊያስደንቅ አይገባም። ከዚህ ጋር አብሮ መታወቅ ያለበት፣ ምስማርን ከሳንቲም የሚለየው ዲስክሪሚኔሽን የሚባለው ማጣሪያ የግራውንድ ባላንስ ምትክ አለመሆኑ ነው። አፈሩ ሲከብድ ጠለቅ ያለ ሳንቲም ለማሽኑ ምስማር መስሎ ስለሚታይ ማጣሪያውን አጥብቆ የሚሄድ ሰው የሚፈልገውን ራሱን ያልፈዋል። የወርቅ ቆፋሪዎች የሚይዟቸው ፐልስ ኢንዳክሽን የተባሉት ማሽኖች መስኩን በቅጽበት ልከው ካቆሙ በኋላ ጸጥ ብለው ስለሚያዳምጡ የአፈሩን መልስ በአብዛኛው ያመልጣሉ፤ ነገር ግን ምስማርና ቆርኪ ከሌላው ብረት በደንብ አይለዩም፤ ስለዚህ ቆሻሻ ብረት ለሞላበት የከተማ ዳርቻ አይመቹም።

የት መለማመድ እንደሚቻል ሳይነሣ ማለፍ አልፈልግም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግም መቆፈርም የተከለከለ ነው፤ በአጋጣሚ የተገኘም ሳይነካ ለሚመለከተው አካል መነገር አለበት። የካ ላይ ያለው ዋሻ ሚካኤል፣ የእንጦጦ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ፣ ከከተማዋ በስተደቡብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ግድም ያለው መልካ ቁንጥሬ ማሽን ይዞ የሚኬድባቸው ቦታዎች አይደሉም። የተመዛዘነ ማሽን ጥርት አድርጎ የሚሰማው ትልቅ የብረት ሲሊንደር ከጣሊያን ወረራ ዘመን የቀረ ጥይት ወይም ቦምብ ሊሆን ስለሚችል ሳይነካ ለፖሊስ መነገር አለበት። የራስ ግቢ፣ ወይም ባለቤቱ ፈቅዶ የሚያሳየው መሬት ለትምህርት ይበቃል፤ የግጦሽ መሬት ከሆነ ደግሞ ጉድጓዱ ሳይደፈን ከተተወ የላም እግር ይሰብራል።

ለልምምዱ የሚያስፈልጉት ጥቂት ሳንቲሞች ናቸው። በ1969 ዓ.ም. ከተመቱት የ1 ሳንቲሙ አሉሚኒየም፣ የ10 ሳንቲሙ ነሐስ መሰል ቢጫ ብረት፣ የ50 ሳንቲሙ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ስለሆነ ሦስቱ ለማሽኑ ሦስት ዓይነት ድምፅ ይሰጣሉ። እያንዳንዱ በአምስት፣ በአሥርና በአሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በመካከላቸው አንድ ሜትር እየተተወ ይቀበር፤ ከጎናቸውም አንድ ምስማርና አንድ ቆርኪ ይቀመጥ፤ ቦታቸው በወረቀት ላይ ይመዝገብ። መጀመሪያ በፋብሪካው ልክ፣ ቀጥሎ አፈሩ ተመዛዝኖ ይጠረግ፤ በየመካከሉም የተሰማውና ያልተሰማው ከነጥልቀቱ ይጻፍ። በበጋ የተሠራው ልምምድ ክረምት ሲገባ፣ አፈሩ ውሃ ከጠጣ በኋላ፣ በዚያው ወረቀት ላይ ይደገም።