«ያረጀ መርከብ ሚሳኤል አይተኩስም» እና ሌሎች የቡና ቤት እምነቶች

ጎንደር ፒያሳ በምናዘወትረው ቡና ቤት፣ ቴሌቪዥኑ የባሕር ኃይል ልምምድ ባሳየ ቁጥር ክርክር ይነሳል። ደጋ ላይ ተቀምጠን መርከብ ስናዝዝ ለሚያየን ያስቃል፤ ቢሆንም ለድሮው የጎንደር ነጋዴ የባሕር በሩ ምጽዋ ነበርና ወጉ ለከተማችን ባዳ አይደለም። ደጋግሜ የሰማኋቸውን ስህተቶች ላንሳ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

«ማዘመን ማለት አዲስ መርከብ መግዛት ነው።» አሜሪካኖች ቴሪየር የተባለውን ፀረ አውሮፕላን ሚሳኤል በ1953 ሚሲሲፒ ከተባለው የጦር መርከብ ላይ ሲተኩሱ፣ መርከቡ አገልግሎት ከጀመረ 35 ዓመት አልፎት ነበር። በ1955 በባለሚሳኤል ክሩዘርነት ብቅ ያለው ቦስተንም የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መርከብ ነው፤ የኋላ መድፉን ነቅለው ማስወንጨፊያ ተከሉበት።

«ትልቁ ያሸንፋል።» በ1967 ፖርት ሰኢድ ላይ፣ የእስራኤሉን የጦር መርከብ ኤይላትን በሚሳኤል ያሰጠሙት የግብጽ ትናንሽ ጀልባዎች ነበሩ። ኤይላት ከ1,700 ቶን በላይ ይመዝን ነበር፤ አንዷ ጀልባ መቶ ቶን እንኳ አትሞላም።

«ሚሳኤል አይስትም።» ዋናው ስህተት ይህ ይመስለኛል። የአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል አንዴ ከተተኮሰች ጥይቷን የሚመልሳት አልነበረም፤ ሚሳኤል ግን እየበረረ አቅጣጫውን ያርማል። የሚያርመው ግን ያየውን ተከትሎ ነው። ጎርጎራ ዳር ቆማችሁ የምትርቅ ታንኳን ተመልከቱ፤ መጀመሪያ ታንኳዋ ትሰወራለች፣ የቀዛፊው ራስ ለጥቂት ጊዜ ይታያል፣ ከዚያ ውኃ ብቻ ይቀራል። ራዳርንም የሚጋርደው ይኸው የምድር ጉብታ ነው፤ 10 ሜትር ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ራዳር የባሕሩን ገጽ የሚያየው እስከ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የታየውም ቢሆን ሊያታልል ይችላል። በ1973 ላታኪያ አጠገብ የሶሪያ ጀልባዎች የተኮሱት ሶቪየት ሠራሽ ሚሳኤል 40 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር፤ የእስራኤሎቹ የዚያን ግማሽ ያህል። እስራኤሎች ራዳር የሚያሳስት የብረት ብናኝ በትነው፣ የራዳር ሞገድ አውከው ተጠጉ። ከሶሪያ ሚሳኤሎች አንዱም አልመታም፤ አምስት የሶሪያ መርከቦች ሰጠሙ።

«ልምምድ ላይ የሚተኮሰው ሁሉ ይፈነዳል።» አይደለም። ብዙ ጊዜ በፈንጂው ቦታ መቅጃና ማስተላለፊያ መሣሪያ ይገባል፤ ለመሐንዲሱ ከጭሱ ይልቅ የበረራው መረጃ ይበልጥበታል።

«ኢትዮጵያ ባለሚሳኤል ጀልባ ኖሯት አያውቅም።» ነበራት። በደርግ ዘመን ኦሳ የተባሉ የሶቪየት ጀልባዎች ገብተዋል፤ ሚሳኤላቸውም ኤይላትን ያሰጠመው ዘር ነው። ምጽዋ በ1990 ስትያዝ ባሕር ኃይሉ ዋና ጣቢያውን አጣ፤ በ1991 ከቀሩት መርከቦች ብዙዎቹ ወደ የመን ሸሹ። ይህን «አልነበራትም» የሚለውን ወሬ ሲሰሙ፣ ጥግ የሚቀመጡት ጡረተኛ መርከበኛ ስኒያቸውን አስቀምጠው «ታዲያ እኔ ያን ሁሉ ዘመን የሠራሁት ታንኳ ላይ ነው?» ይላሉ።