ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚነሣ ምስል በባሕር ዳር

ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደረግ የምስል ምርመራ፣ ሕመምተኛው ተከፍቶ ከተሰፋ በኋላ ውስጡ እንዴት እንደሰነበተ በራጅ፣ በአልትራሳውንድ፣ በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ ማየት ነው። በባሕር ዳር ትልልቆቹ የመንግሥት ሆስፒታሎች ፈለገ ሕይወትና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነው ጥበበ ጊዮን ናቸው። ሁለቱም ከከተማው ነዋሪ ሌላ ከጎጃምና ከደቡብ ጎንደር ወረዳዎች በሪፈር የሚላከውን ይቀበላሉ። ከደቅ ደሴት የሚመጣ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ጣናን በጀልባ መሻገር አለበት። ርቀቱ ለዚህ ምርመራ ተራ ነገር አይደለም። ድኅረ ቀዶ ምስል ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ከቀድሞው ፊልም ጎን ሲታይ ነው ነገሩ የሚገባው። ፊልሙ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው ሕመምተኛው ቤት ነው።

አንዱ ምልክት እንደ ቀኑ ትርጉሙ ይለወጣል። ሆዱ ያልተከፈተ ሰው ቆሞ በተነሣው የደረት ራጅ ደረትን ከሆድ ከሚለየው ጡንቻ፣ ከድያፍራም፣ ሥር አየር ከታየ፣ ጨጓራው ወይም አንጀቱ ተበስቷል ተብሎ ወደ ቀዶ ክፍል ይጣደፋል። ሆዱ ከተከፈተ በሦስተኛው ቀን ያው አየር ቢታይ ግን ማንም አይደነግጥም፤ ሲከፈት የገባ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ገደማ ይጠፋል። የሚያሳስበው መቀነስ ሲገባው ሲጨምር ነው።

አንጀትም እንዲሁ ነው። በአገራችን ብዙ ሰው ለቀዶ የሚዳርገው የትልቁ አንጀት መጠምዘዝ ተፈትቶ ወይም ተቆርጦ ከተሰፋ በኋላ አንጀቱ ለጥቂት ቀናት ይተኛል። ትንሹ አንጀት በአንድ ቀን ገደማ፣ ትልቁ በሁለትና በሦስት ቀን ይነቃል። በሁለተኛው ቀን የተነፋ አንጀት በራጅ ማየት እንግዳ አይደለም። ስፌቱ ሾልኮ እንደሆነ የሚጠረጠረው አብዛኛውን ጊዜ ዘግየት ብሎ፣ ከአምስተኛው ቀን ወዲህ ነው፤ ያኔ ሲቲ ስካን ከኮንትራስት፣ ማለትም ውስጡን በምስሉ ላይ አጉልቶ ከሚያሳይ ፈሳሽ፣ ጋር ይታዘዛል። የሚጠጣው ኮንትራስት ባሪየም መሆን የለበትም፤ ባሪየም ወደ ሆድ ዕቃ ከፈሰሰ ሌላ ጣጣ ያመጣል፣ ስለዚህ በውኃ የሚሟሟ የአዮዲን ፈሳሽ ይመረጣል። መግልም ግድግዳ ለመሥራት ቀናት ይፈልጋል። በማግስቱ ትኩሳት መጣ ብሎ ወደ ሲቲ መሮጥ ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል።

አጥንት ላይ ነገሩ ሌላ ነው። በባጃጅ አደጋ ጭኑ ተሰብሮ ብረት የገባለት ሰው ከቀዶ ክፍል እንደወጣ የሚነሣው ራጅ የኋላው ሁሉ መለኪያ ይሆናል። አጥንቱ ተስተካክሏል? ብሎኖቹ ቦታቸውን ይዘዋል? አንድ ፊልም አይበቃም፤ ከፊት ሲታይ ቀጥ ያለው አጥንት ከጎን ጎብጦ ሊገኝ ይችላል። ከስብራቱ በላይና በታች ያሉት መገጣጠሚያዎችም መታየት አለባቸው። ከዚያ በ6 ሳምንትና በ3 ወር ገደማ ይደገማል፤ የሚፈለገው በስብራቱ ዙሪያ እንደ ደመና የሚጀምረው አዲስ አጥንት ነው። በብሎን ዙሪያ ጥቁር ጠርዝ ከታየ ብረቱ ላልቷል ወይም ኢንፌክሽን ገብቷል ተብሎ ይጠረጠራል። ቀጠሮው የመኸር ሰሞን ላይ ከዋለ ገበሬው ይቀራል። ሳይን የተባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት በቀዶ ክፍላቸው ራጅ ለሌላቸው ሆስፒታሎች የአጥንት ብረት ያቀርባል፤ ለክትትልም ቁጢጥ ብሎ ፈገግ ያለ ሕመምተኛ ፎቶ ይቀበላል። ቁጢጥ ማለት የዕለት ኑሮው ለሆነ ሰው ከዚህ የተሻለ ፈተና አላውቅም።

ብዙም የማይወራለት የኩላሊት ቱቦ ነው። ጠጠር ከወጣ በኋላ ሽንት እንዲያልፍ ከኩላሊት እስከ ፊኛ የሚቀመጠው ቀጭን ቱቦ፣ ዲጄ ስቴንት፣ ጊዜያዊ ነው፤ በሳምንታት ወይም ቢበዛ በጥቂት ወራት መውጣት አለበት። ሕመሙ የለቀቀው ሰው ይረሳዋል። ቆይቶ በሆድ ራጅ ሲገኝ ጠጠር ተጋግሮበት ሊሆን ይችላል። የቀዶ ክፍል ጋውዝ ውስጥ በራጅ የሚታይ ክር የሚገባውም ለሚረሳ ነገር ነው፤ ክር የሌለው ጋውዝ ሆድ ውስጥ ቢቀር ተራ ራጅ አይለየውም።

ጨረርን በሚመለከት፣ አንድ የደረት ራጅ 0.1 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ወይም ከዚያ በታች ነው፤ የሆድ ሲቲ ከ8 እስከ 10 ይደርሳል። የሰው ልጅ በዓመት ከተፈጥሮ የሚያገኘው በአማካይ 2.4 ነው። አልትራሳውንድና ኤምአርአይ ጨረር የላቸውም፤ በኦፕሬሽን የወለደች እናት ሆዷ ውስጥ ደም ወይም ፈሳሽ ተጠራቅሞ እንደሆነ በአልትራሳውንድ የሚጀመረውም ስለዚህ ነው፤ ማሽኑን አልጋዋ ድረስ ማምጣትም ይቻላል።

ራጅ ክፍል የሚደርሰው ማዘዣ ላይ "ፖስት ኦፕ" (ድኅረ ቀዶ) ብቻ ተጽፎ ሲመጣ አንባቢው ሐኪም ግማሽ ዕውር ነው። ምን እንደተቆረጠ፣ ምን እንደተተከለ፣ ስንተኛ ቀን እንደሆነ መጻፍ አለበት። ያ ካልሆነ ሕመምተኛው የመውጫ ወረቀቱን፣ ካልያዘውም በስልክ ያነሣውን ፎቶ ያሳያል።