የባሕሩ ዲሲቤልና የአየሩ ዲሲቤል አንድ አይደሉም

«መርከብ ባሕር ውስጥ 180 ዲሲቤል ድምፅ ያወጣል» የሚል ስታነቡ ቶሎ ብላችሁ ከጄት ሞተር ጋር አታወዳድሩት። ዲሲቤል ከአንድ መነሻ ግፊት ጋር የሚደረግ ንጽጽር ነው። መነሻው ደግሞ በአየር 20 ማይክሮፓስካል (በጣም ትንሽ የግፊት መለኪያ)፣ በውሃ 1 ማይክሮፓስካል ነው። በዚህ ብቻ 26 ዲሲቤል ልዩነት ይመጣል። ውሃ ከአየር እጅግ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነና ድምፅም በውስጡ ከአራት እጥፍ በላይ ስለሚፈጥን ሌላ 36 ገደማ ይጨመርበታል፤ ስለዚህ የድምፁን ጥንካሬ ከአየሩ ጋር ለማነጻጸር ከውሃው ቁጥር ላይ 62 ገደማ መቀነስ ያስፈልጋል።

ታዲያ ጉዳቱ ቀላል ነው ማለት ነው? በፍጹም! ዓሣ ነባሪ የሚሰማው በእኛ ጆሮ አይደለም። የመርከብ ወፍራም ድምፅ ትልልቆቹ ዓሣ ነባሪዎች ከሚጠራሩበት ድምፅ ጋር ስለሚገጥም ጥሪያቸውን ይውጠዋል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001 አሜሪካ ላይ ከደረሰው ጥቃት በኋላ፣ በካናዳ ፈንዲ ባሕረ ሰላጤ የመርከብ ጉዞ ሲቀንስ የባሕሩ ጫጫታ በ6 ዲሲቤል ወረደ፤ በዚያው ሰሞን ራይት ከሚባሉት የዓሣ ነባሪ ዓይነቶች እዳሪ የተለካው የጭንቀት ሆርሞንም ቀንሶ ተገኘ። 6 ትንሽ ቁጥር ትመስላለች፣ ግን የድምፁ ግፊት በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው።