ውሻና ድመት ማሳደግ በጎንደርና አካባቢዋ የሚያስከትለው ተጽዕኖ

ጎንደር ውስጥ ውሻ የሚያዘው ግቢ እንዲጠብቅ ነው፤ ድመት ደግሞ ለአይጥ። ሁለቱም የሚበሉት ከቤተሰቡ የተረፈውን ነው። የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የወጥ ጥራጊ፣ በፍስክ ወቅት አጥንት። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት የአገሪቱ ውሾችና ድመቶች የሚበሉት ሥጋ ነክ ምግብ በዓመት 64 ሚሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያህል በካይ ጋዝ እንደሚያስከትል ገምቷል። ጎንደር ላይ ለውሻ ተብሎ የሚታረድ ከብት የለም። የኛ ችግር ሌላ ነው፤ ውሻው ልቅ መሆኑ።

ስለ ከተማዋና ስለ እንስሳቷ ቀድመው ከጻፉት አንዱ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው። ከምሽት እስከ ንጋት ጎዳናው በጅብ እንደሚሞላ፣ ጅቦቹም የተጣለ ጥንብ ሲፈልጉ እንደሚያድሩ ጽፏል። ይህም ጅብ የከተማ ጽዳት ሠራተኛ እንደነበር ያሳያል።

በ1954 እ.ኤ.አ. በጤና ኮሌጅነት የተመሠረተው የዛሬው አንጋፋው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በእብድ ውሻ በሽታና ከውሻ በሚተላለፉ ጥገኛ ትሎች ላይ ብዙ ጥናት አበርክቷል። የትሉን ጉዳይ በቅርብ ለማየት የበዓል እርድን መመልከት ይበቃል። በጉ ተከፍቶ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ከተገኘ፣ «ይሄን ለውሻው ስጡት» ይባላል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው እጭ ውሻው አንጀት ውስጥ ትል ይሆናል። የትሉ እንቁላል በውሻው ዓይነ ምድር ወጥቶ ሣሩንና ጎመኑን ይበክላል፤ በጉ ሲግጠው፣ ሰውም ሳያጥብ ሲበላው ይያዛል። የተበከለውን ሳንባ መቅበር ወይም ማቃጠል ዑደቱን ይቆርጠዋል።

ባለቤት የሌለው ውሻ ሲበዛ በስትሪክኒን መርዝ መግደል በኢትዮጵያ ከተሞች የቆየ አሠራር ነው። ጉዳቱ በውሻው አያበቃም። ሬሳውን የበላ ጥንብ አንሳም አብሮ ያልቃል፤ ጥንብ አንሳ ደግሞ ከተማችንን በነጻ ያጸዳል።

ከሁሉም የሚያሳስበው ግን ሰሜን ተራሮች ላይ ያለው ነው። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከምትገኘው ደባርቅ በላይ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ያለ እንስሳ ነው፤ የጎለመሱት በጠቅላላው 500 ገደማ ቢሆኑ ነው። አብዛኞቹ ባሌ ሲሆኑ የተወሰኑት የኛው ሰሜን ውስጥ ናቸው። እረኛ ከብቱን ይዞ ሲወጣ ውሻው ይከተለዋል። የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባለው ገዳይ በሽታ ከውሻ ወደ ቀበሮ የሚሻገሩት በዚህ መንገድ ነው። ባሌ ላይ በ1991 እና በ2003 እ.ኤ.አ. የተነሳው የእብድ ውሻ ወረርሽኝ ብዙ ቀበሮ ጨርሷል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለቀበሮዎቹ በምግብ ውስጥ የሚሰጥ ክትባት በሥራ ላይ ውሏል።

ድመት ወፍ ትፈጃለች የሚለው ክስ በሌሎች አገሮች ጥናት የተደገፈ ነው። እዚህ ግን አይጥ በመያዟ የምትሰጠው ጥቅም ሳይበልጥ አይቀርም።

በየአካባቢው ካሉት ውሾች 70 በመቶው ቢከተቡ የእብድ ውሻ በሽታ ስርጭት ይቋረጣል። ክትባቱ በየጊዜው መታደስ አለበት፤ ቡችላ በየዓመቱ ስለሚወለድ። ውሻውን አስከትቦ ማታ ግቢ ውስጥ የሚያስር ባለቤት ልጁንም ይጠብቃል፣ ደባርቅ ያለውን ቀበሮም እንዲሁ።