የኑኑኩ ሕግ ምንድን ነው?

ከኒው ዚላንድ በስተምሥራቅ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ነፋስና ብርድ የማይለያቸው ደሴቶች አሉ። በካርታ ላይ ቻተም ይባላሉ፤ የጥንት ነዋሪዎቻቸው ሞሪዮሪዎች ግን ዋናውን ደሴት ሬኮሁ ይሉታል። የኑኑኩ ሕግ የእነዚህ ሰዎች ሕግ ነው። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፦ ሰው አይገደልም። በጠላትነትም ቢሆን፣ በበቀልም ቢሆን አይገደልም።

መሣሪያ ያላነሣ ሕዝብ መሣሪያ ባነሡ ሰዎች መካከል መኖር ይችላል ወይ የሚለውን ጥያቄ በሰማሁ ቁጥር አሳቤ ወደ ሬኮሁ ይሄዳል። ጥያቄው እዚያ የክርክር ርዕስ አልነበረም፤ አንድ ሕዝብ በአንድ ወር ውስጥ ሊመልሰው የተገደደ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሞሪዮሪዎች ፖሊኔዥያውያን ናቸው። የዘር ሐረጋቸው ከኒው ዚላንድ ማኦሪዎች ጋር ይገናኛል፤ በ1500 አካባቢ ባሕሩን ተሻግረው እንደ ሰፈሩ ይታመናል። ከቆላ አገር የመጣው ስኳር ድንች በዚያ ብርድ ስለማይበቅል ኑሯቸው በዓሣ፣ በባሕር ወፎችና አቆስጣ በሚባለው የባሕር እንስሳ ላይ ተመሠረተ። ጎሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ይዋጉ ነበር። ደሴት ላይ ደግሞ ደም የተቃቡ ሰዎች የሚራራቁበት ስፍራ የለም። በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ እንደሚለው፣ ኑኑኩ የተባለ አለቃ በውጊያው መካከል ገብቶ መግደልን ገዘተ፤ ግዝቱን የሚጥስ ሰው አንጀቱ እንዲበሰብስም ረገመ።

ሕጉን ሳጠናው በጣም የማረከኝ ሰው አይቆጣም ብሎ አለመነሣቱ ነው። የተጣሉ ሁለት ሰዎች አውራ ጣት በሚያህል በትር እንዲመታቱ ይፈቅዳል። ከአንዳቸው ላይ ደም ጠብ ሲል ግን ሁለቱም ይቆማሉ፤ ክብር ተጠብቋል፣ ጠቡም አልቋል። በብዙ አገር፣ በእኛም አገር ጭምር፣ ደም መፍሰሱ የቂም መጀመሪያ ነው፤ ልጅ ለአባቱ፣ ወንድም ለወንድሙ ደም ለመመለስ ይነሣል። ኑኑኩ ያንኑ ደም የጠብ ማብቂያ አደረገው። ስለዚህ ሞሪዮሪዎችን «የዋሆች» የሚላቸው ሰው ሥራቸውን አልተረዳም፤ ሰላማቸው ትውልድ ከትውልድ እየተጠበቀ የኖረ ጥበብ ነበር።

በ1791 ቻተም የተባለች የእንግሊዝ መርከብ ደረሰች። በባሕሩ ዳር ግጭት ተነሣና አንድ ሞሪዮሪ በጥይት ተገደለ። ከዚያ በኋላ የተሰበሰበው ሸንጎ ጥፋቱን በእንግዶቹ ላይ ብቻ አልጣለም። የራሳቸውንም ሰዎች ወቀሰ፤ ወደፊት የሚመጣ እንግዳ በሰላም ምልክት እንዲቀበሉትም ወሰነ።

ቀጣዩ ትልቅ እንግዳ በኅዳር 1835 መጣ። ንጋቲ ሙቱንጋና ንጋቲ ታማ የተባሉ የማኦሪ ጎሳዎች፣ 900 ያህል ሰዎች፣ ሮድኒ የምትባል መርከብ አስገድደው በሁለት ጉዞ ተሻገሩ። እነርሱም ጠመንጃ ኒው ዚላንድ ከገባ በኋላ በተቀጣጠሉት ጦርነቶች ከርስታቸው ከታራናኪ የተፈናቀሉ ነበሩ። ከመርከቡ ሲወርዱ ብዙዎቹ ታመው ስለነበር ሞሪዮሪዎች አስታመሟቸው፣ አበሏቸው። ሲያገግሙ ግን ጠመንጃና መጥረቢያቸውን ይዘው ደሴቱን እየዞሩ መሬቱም ሰዉም የእኛ ነው አሉ።

ሞሪዮሪዎች ቴ አዋፓቲኪ በተባለ ስፍራ ለሸንጎ ተቀመጡ። 1,000 ያህል ወንዶች ነበሩ። ወጣቶቹ እንዋጋ አሉ፤ ኑኑኩ የገዘተው እርስ በርሳችን እንዳንገዳደል ነው እንጂ ሊያጠፋን ለመጣ ባዕድ አይደለም፣ ደግሞም በቁጥር እንበልጣለን የሚል ነበር ክርክራቸው። ጠንካራ ክርክር ነው፤ እኔ እዚያ ብሆን ከእነርሱ ጎን የምቆም ይመስለኛል። ታፓታና ቶሬያ የተባሉ ሽማግሌዎች ግን ሕጉ ከአማልክት ጋር የተገባ ቃል ኪዳን ስለሆነ ሲመች የሚጠበቅ፣ ሲከፋ የሚፈርስ አይደለም አሉ። ሸንጎው እነርሱን ሰማ። መሬቱን ተካፍለን በወዳጅነት እንኑር ለማለት ተስማሙ፤ ቃሉ ሳይደርስ ግን ጥቃቱ ጀመረ።

ከስድስት ሰው አንድ ያህሉ ተገደለ። የተረፉት ባሪያ ሆኑ፤ እርስ በርሳቸው እንዳይጋቡ ተከለከሉ። ሽማግሌዎቹ በ1862 ለኒው ዚላንድ አገረ ገዥ አቤቱታ ሲጽፉ፣ በ1835 በሕይወት ከነበሩት ከ1,500 በላይ ሰዎች የቀሩት 101 ብቻ እንደሆኑ በስም ዝርዝር አስታወቁ። ከሞቱት የሚበዙትን የገደላቸው ተስፋ መቁረጥ ነው ብለዋል።

ታዲያ ሰላማዊነታቸው አጠፋቸው ማለት ነው? ብዙ ሰው እንዲህ ብሎ ይደመድማል፤ እኔ አልቀበለውም። ገዳዮቹን ትቶ ሟቾቹን የሚጠይቅ ፍርድ ነውና። ብሪታንያ ደሴቶቹን በ1842 በይፋ ግዛቷ አደረገች። በራሷ ሕግ ባርነትን የከለከለች አገር ሆና ሳለ ሞሪዮሪዎችን ነጻ ያወጣው ትእዛዝ የመጣው በ1863 ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ በአንድ ንጉሣዊ ባንዲራ ሥር ባሪያ ሆነው ኖሩ። በ1870 ደግሞ ፍርድ ቤቱ ከመሬቱ 97 በመቶ ያህሉን ለወራሪዎቹ ፈረደላቸው። ጠመንጃው የጀመረውን የጨረሰው መዝገብ ነው።

ሌሎች ሰላማዊ ማኅበረሰቦች የተረፉበትን መንገድ ስናይ ልዩነቱ ይታያል። የማሌዢያ ሴማዮች ጠላት ሲመጣ የሚሸሹበት ጫካ ነበራቸው። የእኛዎቹ የአውራ አምባ ሰዎች በደርግ ዘመን ከፎገራ ወደ ቦንጋ ተሰደው፣ ብዙ ሰው ሞቶባቸው በኋላ ተመለሱ። ኮስታ ሪካ በ1948 ሠራዊቷን በተነች፤ በ1955 ታጣቂዎች ከኒካራጓ ሲገቡባት ግን የአሜሪካ አገሮች ድርጅት ደረሰላት። መሸሻ ወይም ደራሽ ያስፈልጋል። ሬኮሁ ጫካዋ ትንሽ፣ ዙሪያዋ ባሕር ነበር፤ ሊደርስ የሚገባው መንግሥትም አልደረሰም። ስለዚህ ጥያቄው «ያለ ጦር መኖር ይችላሉ ወይ?» ብሎ የሚቆም አይመስለኝም። ሲጠቁ ማን ይደርስላቸዋል የሚለው ካልተጨመረበት ጎዶሎ ነው።

በ1933 ቶሚ ሰለሞን የተባለው ሰው ሲሞት «የመጨረሻው ሞሪዮሪ» ተባለ፤ ለረጅም ጊዜም በኒው ዚላንድ ትምህርት ቤቶች ሕዝቡ እንደ ጠፋ ይነገር ነበር። ውሸት ነው፤ ልጆችና የልጅ ልጆች ትቶ ነው የሞተው። ትውልዱ ማንነቱን መልሶ አነሣ። የኒው ዚላንድ መንግሥትም በ2020 የካሳ ስምምነት ፈረመ፤ በሚቀጥለው ዓመት ምክር ቤቱ በሕግ አጸናው።

ከዚያ አስቀድሞ፣ በ2005፣ በሬኮሁ ላይ ኮፒንጋ የተባለው የመሰብሰቢያ ቤታቸው ተመረቀ። በቤቱ መካከል በቆመው ምሰሶ ላይ ሽማግሌዎቹ በ1862 በስም የመዘገቧቸው ሰዎች ስም ተጽፏል። በምረቃው ዕለት ልጆቻቸው የኑኑኩን ቃል ኪዳን እንደገና ገቡ።